ከኋላዬ የነበረውን ጓደኛዬን በምን ዓይኔ ልየው?

«እትዬ፣ የ28 ዓመት ሰው ነኝ፤ ጎንደር ማራኪ አካባቢ እኖራለሁ፤ መምህር ነኝ። ኅዳር መጨረሻ ላይ ከአብሮ አደግ ጓደኛዬ ጋር ሊማሊሞን ልናይ በሞተር ሳይክሌ ወጣን። ዳባትን አልፈን አንድ ኩርባ ላይ ገበሬዎች አስፋልቱ ላይ ያሰጡት የገብስ ገለባ ነበር፤ ጎማው ተንሸራተተና ወደቅን። የቀኝ ቅልጥሜ ተሰብሮ ብረት ገባልኝ። ጓደኛዬ ትከሻው ላይ ተሰበረ፤ ግንባሩም ተሰፋ። የነበረን ሄልሜት አንድ ብቻ ነው፤ ያደረግሁትም እኔ ነኝ። አሁን በተሰበረው እግሬ በኩል በያዝሁት አንድ ክራንች እሄዳለሁ፤ ጉልበቴን ግን ያመኛል። አክስቴ ወጌሻ ላምጣልህ ትላለች። እናቴ ሞተሩን ሽጥ ትላለች። ሌሊት የሚንሸራተት ጎማ ድምፅ ያባንነኛል፤ ለእንቅልፍ ብዬ ትንሽ አረቄ ጀምሬያለሁ። ጓደኛዬን ከዚያ ወዲህ አላነጋገርሁትም። ጥምቀት ላይ ከሩቅ አየሁት፤ ክንዱ በጨርቅ ታስሮ ነበር። ከአንድ ባጃጅ ጀርባ ተከለልሁ። እኅቱ ‘መጋረጃ ዘግቶ ይውላል፤ ሰው ማየት አይፈልግም’ አለችኝ። መቼ ነው እንደ ድሮው ሰው የምሆነው?»
ቅልጥመ ሰባራው፣ ከማራኪ

ወንድሜ፣

የላክኸው ደብዳቤ እዚህ ከታተመው ይረዝማል። አሳጥሬው ነው እንጂ ስለ እግርህ ብቻ አንድ ገጽ ተኩል ጽፈሃል፤ ስለ ጓደኛህ አምስት መስመር። እነዚያን አምስት መስመሮች ደጋግሜ አነበብኋቸው። ወደ እነርሱ እመጣለሁ። መጀመሪያ ግን የጠየቅኸኝን ልመልስ፤ የእግር ነገር ቀልድ አይደለምና።

እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ እግርህን የሚያውቀው ያከመህ ሐኪም ነው። ነገር ግን የቅልጥም አጥንት ለመግጠም አብዛኛውን ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ወር እንደሚፈጅ እወቅ። አንተ ገና አራተኛውን ወር መያዝህ ነው። ስለዚህ በክራንች መሄድህ የመዘግየት ምልክት አይደለም። የተሰበረ አጥንት መጀመሪያ በስብራቱ ዙሪያ ለስላሳ ድልድይ ይሠራል፤ ድልድዩ ቀስ በቀስ እየደነደነ አጥንት ይሆናል። ራጅ ላይ ሐኪምህ የሚፈልገው ያንን ድልድይ ነው። የቀጠሮህን ራጅ አትዝለል፤ ምን ያህል ክብደት እግርህ ላይ መጣል እንደምትችል የሚነግርህ እርሱ ነው እንጂ የጎረቤት ምክር አይደለም።

ጉልበትህን የሚያምህ ለምን እንደሆነ አልገባህም፤ የተሰበረው ቅልጥሜ ነው ብለሃል። ለቅልጥም ስብራት የሚገባው ረጅም ብረት አብዛኛውን ጊዜ የሚያልፈው ከጉልበት በኩል ነው። በዚህ የተነሣ ከፊት ለፊት ጉልበትን ማመም፣ በተለይም ሲንበረከኩ መቆርቆር፣ ይህ ሕክምና የተደረገላቸው ብዙ ሰዎች የሚናገሩት ነው። አሁን ደግሞ ዐቢይ ጾም ነው፤ ስግደት አለ። በዚህ ጉልበት ወለል ላይ አትውደቅ። የንስሐ አባትህን አነጋግራቸው፤ ቆመህ ወይም ተቀምጠህ ጎንበስ ብለህ እንድትጸልይ ይፈቅዱልሃል። ስለ ምግቡም አብረህ ጠይቃቸው። የታመመ ሰው የጾም ሕግ እንደሚቀልለት ቤተ ክርስቲያን ታውቃለች፤ ሐኪምህ እንቁላልና ወተት ያዘዘልህ ከሆነ ተደብቀህ ሳይሆን ተፈቅዶልህ ብላ። እጾማለሁ ካልህም ሽሮውን፣ ምስሩን፣ ሽንብራውን ጠንከር አድርገህ ብላ፤ አጥንት የሚጠገነው በካልሲየም ብቻ አይደለም፤ ገንቢ ምግብም ይፈልጋል። የጤፍ እንጀራና ሰሊጥ ካልሲየም አላቸው። እናትህ የምታፈላልህን አብሽም ጠጣ፤ እርሷንም ደስ ይላታል።

ክራንቹን በተሰበረው እግርህ በኩል እንደምትይዝ ጽፈሃል። ይህን ዛሬውኑ ቀይር። አንድ ክራንች የሚያዘው በደኅነኛው እግር በኩል ነው፤ ያንተ የተሰበረው ቀኝ ስለሆነ ክራንቹ ግራ እጅህ ላይ ይሁን። ክራንቹና የተጎዳው እግር አብረው ወደፊት ይሄዳሉ፤ ያን ጊዜ ክብደቱ ለሁለት ይከፈላል። በቀኝ ስትይዘው ግን ሰውነትህ ሁሉ ወደ ተሰበረው ያዘነብላል። ክራንቹ ብብት ድረስ የሚደርስ ዓይነት ከሆነ ደግሞ በብብትህ አትንጠልጠልበት፤ ሁለት ሦስት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይኑር፤ ክብደቱን መዳፍህ ይያዘው። በብብት ሥር የሚያልፈው ነርቭ ከተጨቆነ እጅህ መደንዘዝ ይጀምራል። የማራኪን ኮብልስቶን ስለማውቀው አንድ ነገር ልጨምር፦ የክራንቹን የታች ጎማ አገላብጠህ እይ። ጥርሱ ካለቀ አስቀይረው፤ ዋጋው ትንሽ ነው።

የቁርጭምጭሚትህን መድረቅ በተመለከተ እናትህን ያረጀ ነጠላ ስጪኝ በላት። አልጋ ላይ እግርህን ዘርግተህ ተቀመጥ፤ ነጠላውን በውስጥ እግርህ በጣቶችህ ሥር አሳልፈህ ሁለቱን ጫፎች ያዝና ወደ ራስህ ቀስ ብለህ ሳብ። ባትህ ሲወጠር ይሰማሃል። ሃያ ሠላሳ ቁጠርና ልቀቅ። መሳብ ይጎትታል እንጂ መውጋት የለበትም፤ ከወጋህ በዝቷል ማለት ነው። ከዚያ ነጠላውን ትተህ እግርህን እንደ መኪና ፔዳል ወደ ላይና ወደ ታች አንቀሳቅስ። በቀን ሦስት ጊዜ እንዲህ አድርግ፤ ጧት ለጸሎት ስትነሣ አንዱ ያልቃል። የቀረውን የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ያሳይህ። ከተማህ በ1947 ዓ.ም. የጤና ባለሙያ ማሠልጠኛ ኮሌጅ የተከፈተባት ከተማ ናት፤ ያ ኮሌጅ ዛሬ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆኖ ሆስፒታሉ ፊዚዮቴራፒም የአእምሮ ሕክምናም ይሰጣል። ሰው ከሩቅ አገር ለመታከም የሚመጣበት ቦታ አንተ ደጅ ነው ያለው።

ወጌሻውን በተመለከተ አክስትህን አታስቀይማት። የድሮ ወጌሻዎች ወለምታ በእጃቸው ዳስሰው የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ፤ አሁንም አሉ። ነገር ግን ያንተ እግር ውስጥ ብረት አለ፤ አጥንቱም ገና እየገጠመ ነው። በዚህ ጊዜ የሚታሽ፣ የሚጎተት፣ በቀርከሃ የሚጠብቅ ነገር ሁሉ ለአንተ አይሆንም። በጥብቅ የታሰረ ስብራት ደም እንዳይዘዋወር አግዶ እግር እስከማስቆረጥ ያደረሰባቸው ሰዎች በአገራችን ሆስፒታሎች ብዙ ታይተዋል፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ ሕፃናት ናቸው። ለአክስትህ «ሐኪሙ ብረቱ እንዳይነካ ብሏል» በላት። እውነትም ነው፤ ጠብም አያስነሣም።

ሳትውል ሳታድር ወደ ሆስፒታል የምትሄድባቸውን ምልክቶችም ልንገርህ፦ ባትህ በድንገት ካበጠና ከጋለ፣ ቁስሉ መግል ከያዘ ወይም ትኩሳት ከመጣ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ደረትህን ወግቶህ ትንፋሽ ካጠረህ። የመጨረሻው በእግር የረጋ ደም ወደ ሳንባ ሲሄድ የሚመጣ ነው፤ ነገ እስኪነጋ አይጠበቅም።

አረቄውን ተው። ይህን ስነግርህ እየተቆጣሁ አይደለም፤ ሌሊት ሌሊት የሚባንን ሰው እንቅልፍ የሚያመጣለትን ነገር ሁሉ እንደሚሞክር አውቃለሁ። አረቄ ያስተኛሃል፤ ግን ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ያነቃሃል፤ እንቅልፉም ጥልቅ አይደለም። ለሕመሙ ከተሰጠህ ኪኒን ጋር ሲሆን ደግሞ እንደ ኪኒኑ ዓይነት ጉበትህን ይጎዳል፤ ወይም ትንፋሽህን ያዳክማል። ሲጋራም ካለ አጥንትህን ያዘገየዋል።

የጎማው ድምፅ ነገር ትንሽ ቆም እንድል ያደርገኛል። አደጋ የደረሰበት ሰው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መባነኑ፣ ነገሩ በዓይኑ መመላለሱ፣ ያን መንገድ መሸሹ የተለመደ ነው፤ በብዙ ሰው ላይ በራሱ ይረግባል። ከአንድ ወር በላይ ሲቆይ ግን ሕክምና የሚፈልግ ጉዳይ ይሆናል። አንተ ወራት አልፈውሃል። ይህ የእምነት ማነስ ወይም የወኔ ጉዳይ አይደለም። አእምሮህ ያንን ኩርባ ገና አላለፈውም፤ ሌሊት ሌሊት ይመልስሃል። ሕክምናውም በአብዛኛው ክኒን ሳይሆን ንግግር ነው፦ ከሠለጠነ ሰው ጋር ተቀምጠህ የሆነውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ ደጋግመህ፣ ሳትሸሽ መናገር። እስካሁን ለማንም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንዳልነገርኸው ከደብዳቤህ ያስታውቃል። ለእኔ እንኳን «ጎማው ተንሸራተተና ወደቅን» ብለህ አልፈኸዋል።

አሁን ወደ አምስቱ መስመሮች ልምጣ።

እኔም ከኋላ ተቀምጬ ወድቄ አውቃለሁ። በ1999 ዓ.ም. ክረምት ከአዘዞ ወደ ከተማ ስንመለስ የሥራ ባልደረባዬ ይነዳ ነበር፤ ዝናብ ላይ ሞተሩ አንሸራተተን። እርሱ ተጫጭሮ ተነሣ፤ እኔ የእጄ አንጓ ተሰበረ። ቤት ስተኛ በሦስተኛው ቀን በእኅቱ እጅ አንድ ፌስታል ብርቱካን ላከልኝ። እኅቱ «እግዚአብሔር ይማርሽ ብሏል» ብላ፣ ሳትቀመጥ፣ ቡና ሳትጠጣ ሄደች። ብርቱካኑን መስኮት ላይ አስቀመጥሁት። ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት አየሁት፤ ልጣጩ ደርቆ እንደ ቆዳ እስኪጨማደድ ድረስ። እጄ ጀሶ ውስጥ ስለነበር ልልጠው አልችልም ነበር፤ ግን ቤት ውስጥ የሚልጥ ሰው ሞልቶ ነበር። እንዳይልጡልኝ ያልሁት እኔ ነኝ።

በመውደቃችን አልተቀየምሁትም። ዝናብ ነው፤ መንገድ ነው። የተቀየምሁት ሳይመጣ በመቅረቱ ነው። ከእርሱ የምፈልገው ይቅርታ እንኳን አልነበረም። አንድ ጥያቄ ነበረኝ፤ ከኋላ የተቀመጠ ሰው ከፊት ያለውን መንገድ አያይም፤ የነጂውን ጀርባ ነው የሚያየው። ምን ሆነ? ፍሬን ያዝህ? አይተኸው ነበር? ይህን ሊመልስልኝ የሚችል ሰው በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነበር፤ እርሱም ከእኔ እየተደበቀ በሌላ መንገድ ይሄድ ነበር። መሥሪያ ቤት ተመልሼ ስንገናኝ ሰላምታ ሰጠኝ፤ ያን ጊዜ ግን ጥያቄው ውስጤ ደንድኖ ነበር።

አሁን ጓደኛህን አስብ። ግንባሩ እስኪሰፋ የተመታ ሰው፣ ሄልሜት ያላደረገ፣ ከወራት በኋላ መጋረጃ ዘግቶ የሚውል። አንተ ይህን «ተቆጥቶብኛል» ብለህ ተረጎምኸው። ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ራሱን የተመታ ሰው ብርሃን ያስጠላዋል፤ ድምፅ ይረብሸዋል፤ ራሱን ያመዋል፤ ቶሎ ይናደዳል፤ የጀመረውን ነገር መጨረስ ያቅተዋል፤ ሰው ሲበዛበት ይደክመዋል። አብዛኛው ሰው በሳምንታት ውስጥ ይሻለዋል፤ በአንዳንዱ ላይ ግን ወራት ይቆያል። ይህ ከሆነ ጓደኛህ የተዘጋው በአንተ ላይ ሳይሆን በብርሃኑ ላይ ነው፤ ሐኪምም ያስፈልገዋል። ለእኅቱ ዛሬ ደውልላትና ጠይቃት፦ ራስ ምታቱ እየባሰ ነው? ያስታውከዋል? አንድ ጎኑ ይዝላል? እንቅልፍ ያበዛል? ከእነዚህ አንዱ እንኳን ካለ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይወሰድ። ከራስ ቅል ሥር ቀስ ብሎ የሚጠራቀም ደም ከአደጋው ከሳምንታት በኋላም ሊገለጥ ይችላል። አንዱም ባይኖር እንኳን ለምርመራ ይሂድ።

ሌላም ነገር አለ። በራስ ምት ጊዜ አደጋው የደረሰበትን ቅጽበት፣ ከዚያ በፊትና በኋላ ያለውንም ጊዜ ሰው ሊረሳው ይችላል። ምናልባት ጓደኛህ ኮሶዬን ስታልፉ ያስታውሳል፤ አምባ ጊዮርጊስ ላይ ሻይ መጠጣታችሁን ያስታውስ ይሆናል፤ ቀጥሎ የሚያስታውሰው የሆስፒታሉን ጣሪያ ነው። በመካከል ያለው ጊዜ የለውም። ያለህ አንተ ነህ። እኔ ያን ጊዜ የጎደለኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፤ ለእርሱ ግን የሕይወቱ አንድ ሰዓት ሊሆን ይችላል።

ጥፋቱ ያንተ አይደለም ብዬ ላጽናናህ አልፈልግም፤ አታምነኝም። ገለባው ያንተ አይደለም። በመኸር ጊዜ በወገራ መንገድ የሄደ ሰው ሁሉ አይቶታል፤ ገበሬው እህሉን አስፋልት ላይ ያሰጣዋል፤ የመኪና ጎማ ይወቃለታል። ለአራት ጎማ ምንም አይደለም፤ ለሁለት ጎማ ግን ደረቅ የገብስ አገዳ እንደ ሳሙና ነው። ሄልሜቱ ግን ያንተ ነው። ሁለት ሆናችሁ አንድ ይዛችሁ ወጣችሁ። ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የመዘነ ምርመራ ሄልሜት በሞተር አደጋ መሞትን በ42 በመቶ፣ የራስ ጉዳትን በ69 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ አሳይቷል፤ ያ ጥበቃ ያን ቀን ለአንተ ብቻ ነበር። እርሱም እያየ ተቀምጧል፤ ትልቅ ሰው ነው። ሁለቱም እውነት ነው፤ ሁለቱንም ይዘህ ሂድ። ደግሞም በደብዳቤህ ውስጥ ኩርባው ላይ በስንት ትነዳ እንደነበር አልጻፍህም። እኔ አልጠይቅህም። እርሱ ግን ሊጠይቅህ መብት አለው፤ ቁጥሩን አሳንሰህ አትንገረው።

የሞተሩን ነገር አሁን አትወስን። እናትህ ሽጥ የምትለው ዘይቱንና ጎማውን አስባ አይደለም፤ ስልክ ተደውሎ «ልጅሽ ሆስፒታል ነው» የተባለችበትን ሰዓት እያሰበች ነው። «እስክድን አልነካውም፤ ሲጠገንም ሲሸጥም አማክርሻለሁ» በላት፤ ቃልህን ጠብቅ። ቀኝ እግርህ የኋላውን ፍሬን የሚረግጥ እግር ስለሆነ በድንገት አጥብቀህ መርገጥ ሳትችል ለመንዳት አታስብ። ሞተሩን የሚመረምረው ሰው የፊት ሹካው አለመጣመሙን፣ ጎማዎቹ ቀጥ ማለታቸውን ያረጋግጥ። ያንን ሄልሜት ግን ባይሰነጠቅ እንኳን ጣለው፤ ለማንም አትስጥ። ውስጡ ያለው ስፖንጅ መሰል ነገር የሚያገለግለው ለአንድ ምት ነው፤ አንዴ ከተጨፈለቀ አይመለስም። ለሌላ ጊዜ ደግሞ ተሽከርካሪ ሁሉ ያለበት የሦስተኛ ወገን መድን ነጂውን ራሱን እንደማይሸፍን አስታውስ፤ የራስህን መድን ለብቻው ጠይቅ።

የመጀመሪያው ጉዞህ ወደ ዳባት አይሁን። ወደ ጓደኛህ ቤት ይሁን። ሳትደውል አትሂድ፤ በእኅቱ በኩል ጠይቅ፤ ሰው ባልበዛበት፣ ፀሐይ በረድ ባለበት ሰዓት ሂድ። ድምፅህን ዝቅ አድርግ። ሃያ ደቂቃ በቂ ነው፤ ከደከመው ተነሥተህ ሌላ ቀን እንደምትመለስ ንገረው፤ ተመለስም። ሽማግሌ ይዘህ አትሂድ፤ ይህ የዕርቅ ጉዳይ አልሆነም ገና። ገብተህ «ሳልመጣ ቀረሁ፤ ፈርቼ ነው» በለው። ባጃጁ ጀርባ መከለልህንም ንገረው። ከዚያ «የምታስታውሰው እስከ የት ነው?» ብለህ ጠይቀውና እርሱ ካቆመበት ቀጥል። ይቅርታውን እዚያው እንዲሰጥህ አትጠብቅ፤ ቢቆጣም ክራንቹን አንሥተህ አትውጣ፤ አስጨርሰው።

ቤቱ ፒያሳ፣ ጣሊያን በሠራው ፎቅ ላይ እንደሆነ፣ ደረጃው እንደሚያስቸግርህም ጽፈሃል። እጀታ ካለው አንዱ እጅህ እርሱን ይያዝ። ስትወጣ ደኅነኛውን ግራ እግርህን አስቀድም፤ የተጎዳው እግርና ክራንቹ ተከትለው እዚያው ደረጃ ላይ ይቁሙ። በየአምስት ደረጃው አረፍ በል። ስትወርድ ግን ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል፤ ክራንቹና የተጎዳው እግር ይቀድማሉ፣ ግራው ይከተላል።